በየሰኔው የሚቀባው የግቢ በር ለምን ከታች ይበሰብሳል?

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«የግቢያችን በር ከተሠራ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለ ሁለት ክንፍ ሆኖ በቱቦላሬና በላሜራ ነው የተሠራው። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ከታች በኩል መዛግ ጀመረ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ቀለም ቀቢ ጠርቼ በሽቦ ብሩሽ አስጠርጌ አስቀባዋለሁ። መስከረም ላይ ቀለሙ ተነፋፍቶ አገኘዋለሁ። ዘንድሮ ላሜራው ከፍሬሙ ላይ አብጦ ተነሳ፤ አንድ ቦታ ላይም ተበስቷል። ጎረቤቴ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው ትለኛለች። ቀቢው በአሲድ እንጠበው ይላል። በያጁ ደግሞ የአሁን ብረት ብረት አይደለም፣ አውጥተሽ ጥለሽ አዲስ አሠሪ ነው የሚለው። የመስኮቱ ፍርግርግም ግድግዳውን ቡናማ እያደረገው ነው። የቱን ልስማ?»

በሩን አይጣሉት። የተቃጠለውን ዘይትም አሲዱንም ይተዉ። ሰኔ ላይ ማስቀባቱም ይብቃ። በሩ ከታች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ በአዲስ ብረት ይተካ፤ የውሃ መውጫ ይበጅለት፤ ከዚያ ጥቅምት ላይ በደንብ ተጠርጎ ይቀባ። መልሴ ይኼ ነው። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብዎት። ሠራተኛው ሲሠራ አጠገቡ ቆመው ምን ማየት እንዳለብዎት የሚያውቁት ምክንያቱ ሲገባዎት ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በብየዳና በብረት ሥራ 22 ዓመት ቆይቻለሁ። ከደሴ ለጥገና የሚመጡልኝ በሮች ብዙዎቹ እንደርስዎ በር ናቸው። ከላይ ሲያዩዋቸው ደህና ናቸው። ከጉልበት በታች ግን በጣት ሲነኳቸው እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራሉ። ባለቤቶቹም እንደርስዎ በየዓመቱ ያስቀባሉ። ሰው ገንዘቡን እያወጣ በሩ ሲበሰብስበት ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ዝገቱ ከውጭ የጀመረ መስሎዎታል። የርስዎ በር የዛገው ግን ከውስጥ ነው። ቱቦላሬ ባዶ ቱቦ ነው። በያጁ ቱቦውን ከቱቦ ሲያጋጥም ዙሪያውን ሞልቶ ካልበየደው፣ በነጥብ በነጥብ ካለፈው፣ በየመገጣጠሚያው የፀጉር ያህል ክፍተት ይቀራል። የላይኛው ጫፍ ሳይደፈን የቀረ በርም ብዙ አይቻለሁ። ዝናቡ በዚያ ይገባል። ጤዛውም እዚያው ውስጥ ይፈጠራል። ውሃው ቱቦውን ይዞ ይወርድና ከታችኛው አግዳሚ ቱቦ ላይ ይተኛል። መውጫ የለውም። ፀሐይም አያገኘውም። ቀቢው በውጭ በኩል ምን ያህል ቢተጋ ውስጡ ገና ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቀለም ነክቶት አያውቅም። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ አንድ ቀን ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። እርስዎ ሦስተኛው ዓመት ላይ ያዩት ዝገት ጀማሪ አልነበረም። ውስጥ ለውስጥ ቆይቶ የወጣ ነው።

ላሜራው አብጦ የተነሳበትም ምክንያት አለው። ላሜራው በፍሬሙ ላይ ተለብዶ፣ እዚህና እዚያ በነጥብ ተበይዶ ነው የተሠራው። በላሜራውና በቱቦው መካከል ቀጭን ስንጥቅ አለ። ቀጭን ስንጥቅ ውሃን ይስባል፤ የኩራዝ ክር ላምባውን ስቦ እንደሚያወጣው ማለት ነው። አንዴ የገባው ውሃ በቀላሉ አይደርቅም። እዚያ ውስጥ ደግሞ ያልተቀባ ብረት ከብረት ጋር ተጣብቆ አለ። ብረት ሲዝግ ቦታ ይፈልጋል። ዝገቱ ከተበላው ብረት ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ላሜራውን ከፍሬሙ ላይ እየገፋ ያስነሳዋል። አንዳንድ ቦታ የብየዳውን ነጥብ ሳይቀር ይገነጥለዋል። በመዶሻ ደብድቦ ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። ውስጡ ያለው ዝገት ካልወጣ የትም አይሄድም።

አሁን ስለ ደሴ አየር ትንሽ ልበል፤ ጉዳዩን ያከብደዋልና። ብረት ለመዛግ ውሃና ኦክስጅን አብረው ይፈልጋል። ኦክስጅን የትም አለ። ውሃው ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያባራ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ይወርዳል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ዝናብ ባይኖርም ዝገት ይፋጠናል፤ ያ ጭጋግ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያልፋል። ክረምቱ ሲያልቅ ተገላገልን እንላለን። ግን ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይበርዳል። ላሜራው ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጅዎን ያሳርፉበት፤ ጤዛ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በልግ ይመጣል። እኛ ኮምቦልቻዎች ከናንተ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ስለምንኖር ቀኑ ይሞቃል፣ ብረቱም ቶሎ ይደርቃል። ወደ ባቲ ሲወርዱ ዝገቱ ይብሱን ይዘገያል። አንድ ዓይነት በር ሦስቱም ቦታ ላይ ቢተከል ቀድሞ የሚበሰብሰው የደሴው ነው። ስለዚህ ባቲ ያለ ዘመድዎ «እኔ አንዴ አስቀብቼ አሥር ዓመት ቆየልኝ» ቢልዎት እውነቱን ነው። ለርስዎ ግን አይሠራም።

የሰኔው ቀለም ለምን ተነፋ? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የጽዳቱ ነገር ነው። የሽቦ ብሩሽ ለቀቅ ያለውን ዝገት ያራግፋል። ከብረቱ ጋር የተጣበቀውን ግን አያነሳውም፤ ይወለውለዋል እንጂ። ቡናማው ብረት ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሰውም የጸዳ ይመስለዋል። ዝገት እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የሞላው ነገር ነው። ውሃም ጨውም በውስጡ ይይዛል። በዚያ ላይ ቀለም ሲቀቡ እርጥበቱን ከነ ቤቱ ከደኑት ማለት ነው። ፀሐይ ሲመታው እርጥበቱ ይተናል፣ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል፣ ይነፋል። ሁለተኛው ጊዜው ነው። ሲንተቲክ ቀለም በማግሥቱ በእጅ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም እስኪጠነክር ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ብርድና እርጥበት ካለ ከዚያም ይቆያል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተቀባ በር ሳይጠነክር ነው ዶፉ የሚወርድበት።

ለደሴ ትክክለኛው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ በልጉ አልገባም። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጤዛው በደንብ እስኪደርቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ብሩሽ አይንሱ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አይቀቡ፤ የማታው ቅዝቃዜና ጤዛ ቀለሙ ሳይያዝ ይደርስበታል። «ቀቢው ጠዋት በ1 ሰዓት መጥቶ ሥራውን ጨርሶ ሄደ» ከተባልኩ በሩን ሳላየው መነፋቱን አውቃለሁ።

ወደ መካሪዎችዎ ልምጣ። ጎረቤትዎ ለበጎ ነው ያለችው። የተቃጠለ ዘይት ለተወሰነ ሳምንት ውሃ ይገፋል፤ እውነት ነው። ግን ዝናብ ያጥበዋል፣ አቧራ ይይዛል፣ የልጅ ልብስ ያበላሻል። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ አሲድና ለጤና የሚጎዱ ብረቶች አሉ። ታጥቦ የሚሄደው ወደ ግቢዎ አፈር ነው። ጎመን የሚተክሉ ከሆነማ አያስቡት። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ዘይት በየስንጥቁ ከገባ በኋላ ቀለም አይዝም። ዘይት የተቀባ በር አምጥተውልኝ ያን ዘይት ለማስወጣት ከዝገቱ የበለጠ የደከምኩበት ጊዜ አለ።

ስለ አሲዱ ጠንከር ብዬ ልናገር። የባትሪ አሲድም ሆነ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ዝገት ያነሳል። ያነሳው ሲመስልዎት ግን በየስንጥቁና በየመገጣጠሚያው ሰርጎ ይቀራል። በተለይ የሽንት ቤት ማጽጃው ብዙ ጊዜ የጨው አሲድ ስለሆነ የሚተወው ቅሪት ዝገትን ይጠራል። በማግሥቱ በሩ ብርቱካንማ ሆኖ ያገኙታል። የባትሪ አሲድ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። የሽንት ቤት አሲድ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪና ብቻውንም ቢሆን ብረት ያዝጋል እንጂ አያጸዳም። ለትንሽ ዕቃ፣ ለማጠፊያ ወይም ለቁልፍ ከሆነ አቼቶ ይበቃል። ዕቃውን አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉት፣ ያጥቡት፣ ወዲያው ያድርቁት፣ ግሪስ ይቀቡት። ለሙሉ በር ግን አሲድ አይሆንም።

በያጁ ያለው ነገር ግማሽ እውነት አለበት። ብረቱ ሐሰተኛ ሆኖ አይደለም። የቀጠነ ነው። ድሮ 2 ሚሊ ሜትር ይሠራበት የነበረው ዛሬ በ1 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይሠራል። ዝገት ሁለቱንም በእኩል ፍጥነት ይበላል፤ ቀጭኑ ግን ቀድሞ ያልቃል። ሌላም ነገር አለ። ከሱቅ የሚመጣው ጥቁር ቱቦላሬ ሰማያዊ የሚመስል የፋብሪካ ቅርፊትና የዘይት ቅባት አለበት። በኦሞ ሳይታጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፋቅ የተቀባ እንደሆነ ቀለሙ ቅርፊቱን ይዞ ይላጣል። ይኼ የበያጅና የቀቢ ጥፋት ነው፣ የብረቱ አይደለም። አዲስ በር በዚሁ አሠራር ቢያሠሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ።

አሁን በሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ይወቁ። መዶሻና ካቻቪቴ ይበቃዎታል። ቱቦውን ከላይ ጀምረው ቀስ እያሉ በመዶሻ እየመቱ ይውረዱ። ጤነኛው ብረት ይጮኻል። የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የታፈነበት ቦታ ላይ ካቻቪቴውን ጫን ያድርጉት። ከገባ ወይም ብረቱ ከሰረጎደ እዚያ ቦታ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ሁሉም ምልክት ከታችኛው 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ጥገና ያዋጣል። ማጠፊያው የተበየደበት ቋሚ ቱቦ ከመካከሉ በላይ ከታፈነ ወይም ላሜራው ከወገብ በላይ ከተበላ ግን አልመክርዎትም፤ ያን ጊዜ በያጁ ትክክል ነው። እርስዎ ከጻፉት እንደምረዳው በርዎ እዚያ አልደረሰም።

ጥገናው እንዲህ ነው። በሩ ከማጠፊያው ወርዶ ይተኛ። ቆሞ መበየድ ለሥራው አይመችም፤ ሠራተኛው ይቸኩላል። የተበላው የታች ክፍል ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ። ስስታም አይሁኑ፤ ከምልክቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ያስቆርጡ። የቋሚዎቹ ቱቦዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ያለውን የዝገት ቅርፊት እየመቱ ያራግፉት። አንዳንዴ ጭብጥ የሚሞላ ይወጣል። አዲሱ የታች ቱቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከመበየዱ በፊት አንቲረስት፣ ማለት ዝገት የሚከላከለው የሥር ቀለም፣ ውስጡ ይፍሰስበትና ተገላብጦ ይንጠፍጠፍ፤ ብየዳው የሚያርፍበት ጫፍ ብቻ ይቅር። ላሜራውና ቱቦው የሚነባበሩበት ፊትም አስቀድሞ ይቀባ። ይህን ሠራተኛው ሊዘለው ይፈልጋል፤ ጊዜ ይወስድበታል። እርስዎ ግን እንዲዘለው አይፍቀዱለት። በሩ የበሰበሰው እዚያ ነው።

ብየዳው ከላይና ከጎን ዙሪያውን የሞላ ይሁን፤ ነጥብ ነጥብ አይሁን። የብየዳው ቅርፊት በመዶሻ ተመትቶ ይነሳ። እሱ ላይ የተቀባ ቀለም ከቅርፊቱ ጋር ነው የሚወድቀው። ላሜራው ከታችኛው ቱቦ አንድ ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይቁም። ያኔ ውሃው ከጠርዙ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ስንጥቁ አይመለስም። የላሜራውና የፍሬሙ መገጣጠሚያ የላይኛው ጠርዝ የመኪና ቦዲ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት፣ ቀለም በሚቀበል ማሸጊያ ይታሸግ። ተራው ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፦ ከታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ፣ በሁለቱ ጫፍና በመካከሉ፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይበሳ። ብዙ ሰው ይገረማል። «ብረት እየተበሳ ከዝገት ይድናል ወይ?» ይሉኛል። አዎ። ውሃ ወደ ቱቦ እንዳይገባ መቶ በመቶ መከላከል አይቻልም። የገባው እንዲወጣ ማድረግ ግን ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ፈጽሙ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ዋጋው የአንድ ብረት መብሻ ጥርስ ነው።

የበሩ ሆድ ከመሬት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከበሩ ሥር የተከመረ አፈር፣ የተደፋ አመድ፣ የበግ በጠጥ ካለ ይነሳ። አመዱም በጠጡም እርጥበትና ጨው ይይዛሉ። ውሻ የሚሸናበት ማዕዘንም ቀድሞ ይበላል። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ በበሩ ላይ የሚረጭ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ቋሚው ምሰሶ ከኮንክሪት የሚወጣበትን ቦታ ደግሞ ይዩት። ኮንክሪቱ ዙሪያውን ጎድጉዶ ውሃ የሚያቁር ከሆነ ውሃው እንዲሸሽ ሆኖ በሲሚንቶ ይሞላ።

ቀለሙ ላይ ደርሰናል። ነባሩ ክፍል ዝገት ያለበት ቦታ ሁሉ በግራይንደር ይጸዳ፤ ቀጥሎ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ። ብረቱ ግራጫ መሆን አለበት። ቡናማ ነጥብ ካለ ገና ነው። ግራይንደር የያዘ ሰው መነጽር ያድርግ፤ ፍንጣሪው ዓይን ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ደግሞ አቧራው ላይ ይጠንቀቁ። የድሮ የብረት ቀለሞች ውስጥ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። አሁን አገራችን ውስጥ በቀለም ያለውን ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ አለ። በቤትዎ ያለው የቆየ ብረት ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም በእጅ እያረጠቡ ያስፍቁ፣ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ልጆችና እርጉዝ ሴት ከአጠገቡ ይራቁ፣ ፍርፋሪው ተሰብስቦ ይወገድ።

የጸዳውን ብረት ለነገ አያሳድሩት። የደሴ ሌሊት ራቁቱን ያደረ ብረት በማለዳ ብርቱካንማ ያደርገዋል። ዕለቱን አንቲረስት ይቀባ። አንቲረስት ሲባል ብዙ ሰው ቀዩን ቀለም ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀይነቱ መድኃኒት አይደለም፤ የቀለሙ ዱቄት ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው። የሚጠቅመው በጸዳ ብረት ላይ አጥብቆ ስለሚይዝና የላዩን ቀለም ስለሚሸከም ነው። ጣሳው ላይ «ዚንክ ፎስፌት» የሚል ካገኙ እሱን ይምረጡ፤ እሱ ዝገትን በእውነት የሚያዘገይ ነገር አለበት።

ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ የላይ ቀለም። ከዚህ አይቀንስ። አንድ እጅ ሲንተቲክ ቀለም ሲደርቅ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። አንድ እጅ ቀለም በደሴ ዝናብ ፊት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከዚህ ይረዱ። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ቀለም ይሸሻል፤ ስለዚህ ጠርዞቹና ብየዳዎቹ በቅድሚያ በብሩሽ ይቀቡ፣ ከዚያ ሌላው ይከተል። መጠኑንም ያስሉ። በሩ 3 ሜትር በ2.2 ሜትር ቢሆን ሁለቱ ፊት ወደ 13 ካሬ፣ ከነ ቱቦው 15 ካሬ ይሆናል። አንድ ሊትር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ለአንድ እጅ አንድ ሊትር ተኩል ይሄዳል። በጠቅላላው 3 ሊትር አንቲረስትና 3 ሊትር ቀለም ማለት ነው። ቀቢው በአንድ ሊትር እጨርሳለሁ ካለዎት ወይ በቲነር አቅጥኖታል፣ ወይ እጁን ቆጥቧል። ቲነሩ ከአሥር አንድ እጅ አይለፍ። ቤንዚን ደግሞ ፈጽሞ አይቀላቀልበት። ስቱኮም ዝገት ላይ አይለጠፍ። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ያልጸዳ ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኖ ሲቀባ በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቅርፊት ይወድቃል።

ዝገትን ወደ ጥቁር የሚቀይር ፈሳሽም ገበያ ላይ አለ። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒን ያለበት ነው። ታኒን የሻይ ቅጠልም፣ ቆዳ የሚለፋበት ልጥም ውስጥ ያለው ነገር ነው። ጠቆር ያለ ሻይ በዛገ ብረት ላይ ቢያፈሱ ሲጠቁር ያያሉ፤ ያው ነገር ነው። ይህ ፈሳሽ ግራይንደር ለማይደርስበት ጠባብ ቦታ ይረዳል። ሆኖም ስስና ጥብቅ ያለ ዝገት ላይ ብቻ ነው። ቅርፊት ያወጣ ዝገት ላይ ቢያፈሱት ላዩን ብቻ ያጠቁራል። ቱቦ ውስጥ ያለውንም አያድንም። ቀቢው በዚህ ብቻ ከጽዳት ሊያመልጥ ከፈለገ እምቢ ይበሉ።

የመስኮቱ ፍርግርግ ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ የሚወርደው ቡናማ ነገር የሚመጣው ብረቱ ግድግዳው ውስጥ ከሚገባበት ጫፍ ነው። ያ ጫፍ በምን እንደተሞላ ይዩ። በጄሶ ከሆነ ጥፋቱ ተገኘ። ጄሶ እርጥበት ይይዛል፣ ብረትም ያዝጋል። ሲሚንቶ በተቃራኒው ብረትን ይጠብቃል። ጄሶው ተፈልፍሎ ይውጣ፣ ብረቱ ይጽዳ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይሞላ። ግድግዳው ላይ ያለውን እድፍ በሎሚ አሽተው ያጥቡት። በበረኪና አይሞክሩት፤ እድፉን ያጸናዋል።

አንድ ቀን አዲስ በር ለማሠራት ከወሰኑ ጋልቫናይዝድ፣ ማለት ዚንክ የለበሰ ቱቦላሬ ይግዙ። ዋጋው ከጥቁሩ ከፍ ይላል፤ ግን ለደሴ ያዋጣል። ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ይሰጣል። ትንሽ ቢጫር እንኳ ዙሪያው ያለው ዚንክ ብረቱን ይጠብቃል። ገደቡ ብየዳው ላይ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል። ብየዳ ከዚህ በብዙ ስለሚሞቅ የተበየደው ቦታ ራቁቱን ይቀራል። እዚያ ላይ ዚንክ የበዛበት ቀለም መቀባት ግድ ነው። ጭሱም ሰው ያሳምማል፤ ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል። እኛ በያጆች ወተት እንጠጣለን፤ ወተት ግን ሳንባ ውስጥ የገባውን ጭስ አያስወጣም። የሚበጀው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ከኋላ አድርጎ፣ ጭምብል ለብሶ መበየድ ነው።

በሩ በደንብ ከተያዘ በየዓመቱ ሙሉ ቀለም አያስፈልገውም። መስከረም ሲጠባ በውሃና በሳሙና ያጥቡት፣ የታቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ፣ የተጫረ ቦታ ካለ ያን ቦታ ብቻ ፍቀው ይቀቡ። ሙሉ ቀለሙ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይበቃል።

እስከ ጥቅምት ድረስ ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡ። በዚህ ሳምንት ብረት መብሻ ያለው ሰው ጠርተው የታችኛውን ቱቦ ሆድ በሦስት ቦታ ያስበሱ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁርና ቡናማ ውሃ ነው፤ አይደንግጡ። ባልዲ ከሥሩ ያስቀምጡ፤ የሚፈሰው ውሃ ንጣፉን እንዳያቆሽሽ።